የሰርፍ ሲቲ ድልድይ ግምገማ፦ ከተዟሪው ወደ ቋሚው

በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ላይ የምትገኘው ቶፕሴይል 42 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትረዝም ቀጭን ደሴት ስትሆን፣ ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኟት ሁለት ድልድዮች ብቻ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ በሰርፍ ሲቲ ከተማ የሚገኘው ሲሆን፣ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ለጀልባ መንገድ ለመልቀቅ የሚዞር የብረት ድልድይ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ግን ከውኃው 65 ጫማ፣ ማለትም 20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተሠራ ቋሚ ድልድይ ተተክቷል። አዲሱን ድልድይ የምገመግመው በውበቱ ሳይሆን በአገልግሎቱ ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚመላለስበት ድልድይ መመዘን ያለበት በሚያሻግርበት መንገድ ነውና።

አሮጌው ምን ያደርግ እንደነበር ካልታወቀ አዲሱን መመዘን አይቻልም። ጀልባ በሚያልፍበት ሰዓት የመንገዱ መዝጊያ ይወርዳል፤ መኪኖች ይቆማሉ፤ የድልድዩ ተቆጣጣሪ ሞተሩን ሲያስነሳ መካከለኛው ክፍል በውኃው መሐል በቆመው ምሰሶ ላይ ቀስ ብሎ ይዞርና ከጀልባው መስመር ጋር ትይዩ ይሆናል። ጀልባዎቹ ካለፉ በኋላ ተመልሶ እስኪገጥምና እስኪቆለፍ ድረስ ግን ማንም አይንቀሳቀስም። በቀን ለመዝናኛ ጀልባዎች በየሰዓቱ ይከፈት ስለነበር፣ በበጋ እንግዳ በሚበዛበት ወቅት አንዱ ሰልፍ ሳይቃለል ሌላው መከማቸቱ አይቀርም ነበር። ሥራ የረፈደበት ሰው ቢበሳጭ ያልፍለታል፤ በሽተኛ የጫነ አምቡላንስ ግን የመጠበቅ አቅም የለውም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የአውሎ ነፋስ ጊዜ ነው። ማዕበል ሲቃረብ የደሴቲቱ ነዋሪ በመኪና ወደ ዋናው ምድር ለመውጣት ሲጣደፍ፣ ባለ ጀልባውም በዚያው ሰዓት መጠለያ ወዳለበት ወንዝ ወይም ወደብ ለመግባት ይጣደፋል፤ ተንቀሳቃሽ ድልድይ ደግሞ ለአንዱ ሲከፈት ለሌላው መዘጋቱ የአሠራሩ ጠባይ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ድልድዩን ማንቀሳቀስ ራሱ አደገኛ ስለሚሆን ለጀልባ መክፈት ይቆማል። ቋሚው ድልድይ ይህን ምርጫ አስቀርቶታል፤ መኪናው ከላይ፣ ጀልባው ከታች፣ ሁለቱም ሳይተያዩ ያልፋሉ። ድልድዩ ሌላ ምንም ጥቅም ባይኖረው እንኳ ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ሌላው ጥቅም ጥገና ነው። ጥርስ፣ ሞተርና መቆለፊያ ያለው ማንኛውም ማሽን ጨዋማ አየር ባለበት ቦታ ቶሎ ይዝጋል፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥርም መለዋወጫው ከገበያ እየጠፋ በትእዛዝ ወደሚሠራበት ደረጃ ይደርሳል። ሙቀትም ጠላቱ ነው። በጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ በሃርለም ወንዝ ላይ ያለው የሦስተኛው ጎዳና ተዟሪ ድልድይ ብረቱ በሙቀት ስለተለጠጠ ተከፍቶ ቀርቶ፣ ለማቀዝቀዝ ከጀልባ ውኃ ሲረጭበት ነበር። ቋሚ ድልድይም ምርመራና ጥገና ያሻዋል፤ ነገር ግን ተከፍቶ የሚቀርበት መንገድ የለም።

ጉድለቱን በተመለከተ፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ መኖሩ ትልቅ ነገር ቢሆንም፣ የሚሻገረው ሰው ስድስት ፎቅ ያህል መውጣትና መውረድ ይጠበቅበታል። ለጤነኛ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለአረጋዊ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን ዝቅተኛው አሮጌ ድልድይ ይቀልለው እንደነበር መካድ አይገባም። የናፍቆትም ነገር አለ። እዚያው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በሰንሴት ቢች የነበረው በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ባለ አንድ መስመር ድልድይ በ2010 እ.ኤ.አ. በከፍተኛ ድልድይ ሲተካ፣ ነዋሪዎች አሮጌውን ከመፍረስ አድነው ለጎብኚ አስቀምጠውታል። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ድልድይን በሙዚየም መውደድና በአደጋ ሰዓት በእሱ ላይ መተማመን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከበድ ያለው ጥያቄ የከፍታው ነው። ተንቀሳቃሽ ድልድይ የጀልባ የሸራ ምሰሶ የቱንም ያህል ቢረዝም ያሳልፋል፤ ቋሚው ግን አንድ ጊዜ የተሠራበትን ቁመት ይዞ ይኖራል። ድልድዩ በሚያቋርጠው፣ ከውጭው ባሕር ተከልሎ ጠረፉን ተከትሎ በሚሄደው የውስጥ የጀልባ መስመር ላይ የቋሚ ድልድዮች የተለመደ ከፍታ 65 ጫማ በመሆኑ፣ የሰርፍ ሲቲው ድልድይ ረጅም ጉዞ ከሚያደርጉ ጀልባዎች አዲስ ነገር አልቀማም። በዚሁ መስመር ላይ በማያሚ ያለው የጁሊያ ተትል ድልድይ ግን 56 ጫማ ብቻ ሆኖ ስለተሠራ ከረጅም ምሰሶ ጋር የሚጓዙ መርከበኞች እስከ ዛሬ ወደ ውጭው ባሕር ወጥተው ይዞሩታል። የባሕር ወለል ከፍ እያለ በሄደ መጠን ከ65ቱም ላይ መቀነሱ ስለማይቀር፣ ወደፊት እንዲህ ያለ ድልድይ የሚያቅድ ማኅበረሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊከራከርበት የሚገባው ይህ ቁጥር ነው። ለአሁኑ ግን፣ ባለ ሸራ ጀልባ ያለው ሰው ምሰሶውን ጫፉ ላይ ካለው አንቴና ጋር ደምሮ ይለካ፤ ሲቃረብም የውኃውን ሙላትና ጉድለት አይቶ ይለፍ።