የእናቴ የእግር እብጠትና የጤና መድን ካርዷ

ከውጭ ለእረፍት ለሚመጣ ሰው ስለ ሆቴልና ስለ ራይድ የሚነግረው አይጠፋም። እኔ ስለ አንድ የአዲስ አበባ ጤና ጣቢያ ልጻፍ። እናቴ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት። ዘንድሮ አብሬያት ስመላለስ የከረምኩት እግሯ ስላበጠ ነው።

እናቴ ባልትና ትሠራለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ። ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ጠዋት እግሯ ደህና ነው። ማታ ግን ጫማዋ እምቢ ይላታል። ቁርጭምጭሚቷን በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ቶሎም አይመለስም። አንዷ ጎረቤት ብርድ ነው አለቻት። ሌላዋ ኩላሊት ነው ብላ አስደነገጠቻት።

መጀመሪያ የሄድነው ዘመዶች ወደ መከሩን የግል ሆስፒታል ነበር። ንጹህ ነው፣ ወረፋም የለውም። የልብ አልትራሳውንድ፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የሽንት ምርመራ በአንድ ቀን አለቀ። ሁሉም ደህና ሆነ። ልቧና ኩላሊቷ ደህና መሆኑን ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለዚያ የከፈልኩት አይቆጨኝም። ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሐኪሙ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ እንኳ ሳይጠይቅ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን፣ ፉሮሴማይድ፣ ጽፎ ሸኘን። እሷም ሽንት ቤት ስትመላለስ ሰነበተች። ከመቀመጫዋ ስትነሳ ያዞራት ጀመር። እብጠቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

የደም ግፊት ክትትሏ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ወደዚያ ወሰድኳት። ወረፋው ያደክማል። ካርድ ማውጣት ብቻ ጠዋቱን ይበላዋል። ተራችን ደርሶ ስንገባ ግን ጤና መኮንኗ የክትትል ካርዷን ዘርግታ ወደ ኋላ ማገላበጥ ያዘች። «እማዬ፣ እግርዎት ያበጠው አምሎዲፒኑ ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ካደገ በኋላ አይደለም እንዴ?» አለቻት። እናቴ ትንሽ አሰበች። ነገሩ በትክክል እንደዚያ ነበር።

አምሎዲፒን ሀገር ቤት ለደም ግፊት በብዛት የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የደም ሥሮችን ስለሚያላላ ግፊቱን ያወርዳል። በዚያው ግን ከጥቃቅኖቹ ሥሮች ፈሳሽ እየሰረገ እግር ላይ ይጠራቀማል። መጠኑ በጨመረ ቁጥር እብጠቱም ይጨምራል፣ በሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። ሰውነት ውስጥ ትርፍ ውሃ ኖሮ ስላልሆነ ሽንት የሚያበዛው ኪኒን ብዙም አይረዳውም። ይህን ሁሉ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለእናቴ በሚገባት ቋንቋ አስረዳቻት። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሐኪም አማክራ አምሎዲፒኑን ወደ 5 መለሰችው፣ ኢናላፕሪል የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ጨመረችበት፣ ፉሮሴማይዱን አስቆመች። ኢናላፕሪል ኩላሊትንና በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ሊነካ ስለሚችል የደም ምርመራ ቀጠሮ ሰጠቻት። ደረቅ ሳል ከመጣብሽ ቶሎ ተመለሺ አለቻት። ግፊቷም በየጊዜው ይለካል። ሳምንታት ሲያልፉ የቁርጭምጭሚቷ አጥንት መታየት ጀመረ። ይህ የእናቴ ጉዳይ ነው። ማንም ይህን አንብቦ የግፊት መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም አደራ።

የጨው ነገርም ተነስቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። እኛ ቤት ጨው ወጥ ውስጥ ብቻ አይገባም። በርበሬውም ምጥን ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው አለበት። እናቴ አሁን ለቤት የሚሆነውን ያለ ጨው ለብቻው ታስፈጫለች። ሥራም ስትሠራ ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ ማታ እግሯን ትራስ ላይ ከፍ አድርጋ ትተኛለች።

እኔ አሜሪካ በየወሩ የአባልነት ክፍያ የምከፍለው የግል ሐኪም አለኝ። ስደውልለት ያውቀኛል፣ ጊዜ ይሰጠኛል። ሆስፒታል ከገባሁ ግን ያ ክፍያ አይሸፍንልኝም፤ ሌላ ኢንሹራንስ ያስፈልገኛል። የእናቴ መድን በዓመት አንዴ ይከፈላል፣ አባሉም ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ደመወዝና ጡረታ ለሌለው ሰው የተዘጋጀ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ነው እዚህ የደረሰው። ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው ካለ ሪፈር ይጽፋል፣ ሆስፒታልም በዚያው ካርድ ይታከማሉ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ግን ከኪስ ያስከፍላል።

ጉድለቱም ይነገር። ኢናላፕሪሉ ጤና ጣቢያው ፋርማሲ አልነበረም፤ ከነማ ፋርማሲ ሄጄ በገንዘቤ ገዛሁ። የፖታሲየም ምርመራውንም ውጭ አሠሩ ተባልን። አባሉ ዓመቱን ከፍሎ ሲያበቃ መድኃኒት የለም መባሉ ያሳዝናል። እኔ መግዛት ቻልኩ። ከጎናችን ወረፋ የያዙት አሮጊት ግን ወረቀቱን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። ይህ መስተካከል አለበት።

እንደኔ ረጅም በረራ ለምትመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም እግር እኩል አብጦ በቀን በሁለት ቀን ከሄደ ብዙ ጊዜ የመቀመጥ ጣጣ ነው። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመ፣ ከሞቀ ግን የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ የካርድ ወረፋ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ቤተሰባችሁ አባል ከሆነ የእድሳቱን ጊዜ ከወረዳው ጤና መድን ቢሮ ጠይቁ። ካላደሱት ካርዱ አይሠራም። የእናቴን የሚቀጥለውን ዓመት መዋጮ ለእህቴ ሰጥቻታለሁ፤ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያጣ የምትገዛበትንም ለብቻው አስቀምጣለች።