ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የኬሞቴራፒ ክፍል የነርሶቹ አገልግሎት

በጡት ካንሰር የታመሙትን አክስቴን ከመንዝ እያመጣሁ ስላሳከምኩበት የካንሰር መድኃኒት መስጫ ክፍል፣ በተለይም ስለ ነርሶቹ ሥራ፣ ለሌሎች ታማሚዎችና አስታማሚዎች ይጠቅማል ያልኩትን እጽፋለሁ። የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የሚወስነው ሐኪሙ ቢሆንም፣ ታማሚው ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፈው ከነርሷ ጋር ነው፤ ሕክምናውን ፈርቶ ማቋረጡም ሆነ ችሎ መጨረሱ በአብዛኛው በእርሷ አያያዝ እንደሚወሰን አይቻለሁ።

በመጀመሪያው ዙር ነርሷ ዶክሶሩቢሲን የተባለውን ቀይ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ «እማማ፣ መድኃኒቱ ቀይ ስለሆነ ሽንትዎ አንድ ሁለት ቀን ሊቀላ ይችላል፤ ደም አይደለምና አይደንግጡ። ክንድዎን ትንሽ እንኳ ካቃጠለዎት ግን ችለው ዝም እንዳይሉ» አለቻቸው። ይህ መድኃኒት ከደም ሥር ከወጣ ሥጋን ክፉኛ ይጎዳል፤ ሕመምን ውጠው መኖር ለለመዱ እናት ደግሞ «ችለው ዝም እንዳይሉ» ከሚለው የበለጠ አስፈላጊ ምክር አልነበረም። እርሷም መድኃኒቱን በሲሪንጅ ቀስ እያለች ስትሰጥ፣ በየመሐሉ ቆም እያለች መርፌው ከደም ሥሩ አለመውጣቱን ታረጋግጥ ነበር።

ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች ከመድኃኒቱ በኋላ፣ በአብዛኛው በሁለተኛው ሳምንት ገደማ፣ ስለሚቀንሱ የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሳንዘገይ ወደ ሕክምና እንድንሄድ፣ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም እንዳይቀምሱ አስረድታናለች። አክስቴ ጻድቃኔ ማርያም ሄደው ለመጠመቅ እንደሚፈልጉ ሲነግሯትም አልተቆጣችም፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፣ ነጭ የደም ሴሎቻቸው በሚቀንሱበት ጊዜ ሕዝብ ከሚበዛበት ቦታ እንዲርቁ፣ ስለ ጾሙም የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ መከረቻቸው። ብትከለክላቸው ኖሮ ተደብቀው ይሄዱ ነበር፤ መድኃኒቱንም ይተዉት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቅሬታም አለኝ። ክፍሉ መጋረጃ ስለሌለው ታማሚው ስለ ጡቱና ስለ ሽንቱ የሚጠየቀው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ስለ ማቅለሽለሽ በየዙሩ ይጠየቃል፤ ስለ ሕመም ግን ታማሚው ራሱ ካላነሳ የሚጠይቅ የለም፤ አክስቴ ደግሞ ከራሳቸው አያነሱም። የቀጠሮ ቀን ሲለወጥም አስቀድሞ ባለመነገሩ ያን ሁሉ መንገድ መጥተን የተመለስንበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ነርሷ ብቻዋን የምትፈታው አይደለም፤ ለእነዚያ ሁሉ አልጋዎች ሁለት ነርሶች መድቦ ታማሚን በሙሉ ልብ አዳምጡ ማለት አይቻልም።

ቢሆንም ለነርሶቹ ሥራ ያለኝ ግምት ከፍ ያለ ነው፤ በአካባቢያችን ላሉ ታማሚዎችም ክፍሉን እጠቁማለሁ። የሚመጣ ሰው ቴርሞሜትር ይግዛ፤ በሌሊትና በበዓል ቀን የሚደወልበትን ስልክም ከመጀመሪያው ዙር በፊት ጠይቆ ይያዝ።