ሐዘን ላይ ሳለን ወረቀቱን ለተሸከመችልን የደሴ እህት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራ፣ በሐዘን ምክንያት የቀረ ጉዟችንን የመድን ካሳ ያስጨረሰችልን እህት አለች። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ አጥብቃ ለምናኛለች፤ «ሥራዬን ነው የሠራሁት፤ ደግሞ ሰው ሁሉ እኔን ብቻ ፈልጎ ቢመጣ ባልደረቦቼ ይከፋቸዋል» አለች። ስሟን አልጽፍም። «ሥራዬን ብቻ» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ሥራውን ብቻ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚመስል በዚሁ ጉዳይ ሳለሁ በየመስኮቱ አይቻለሁና።

እህቴ የምትኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። ለመውለድ ስትቃረብ እናቴ ገንፎዋን ልታገነፋላት፣ እኔም እናቴን ይዤ ልሄድ ተነሣን። የጉዞ መድኑ በዚህችው እህት በኩል ተገዛ፣ ቪዛው ወጣ፣ ትኬቱ በእሷው በኩል ተቆረጠ፣ በርበሬውና ሽሮው ተሰናዳ። ልንሄድ ጥቂት ሲቀረን የእናቴ ታናሽ ወንድም በወረባቦ፣ ከቢስቲማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ፣ ተኝቶ ሳይከርም በድንገት አረፈ። አላህ ይዘንለት። እናቴ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ወንድሟ ነው። ጉዞ የሚባል ነገር ያን ዕለት ከቤታችን ወጣ።

ከቀብር መልስ ለዚች እህት ስልክ ደወልኩላት። ስለ ገንዘብ አስቤ አልነበረም፤ ሰው በከንቱ እንዳይጠብቀን ብዬ ነው። «አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አለችኝ፤ ስለ እናቴ ጠየቀች፤ ከዚያም «ትኬቱን አውሮፕላኑ ሳይነሣ ልሰርዘው፣ ትፈቅድልኛለህ?» አለች። በዚያ ሰዓት ምን ልዩነት እንዳለው አልገባኝም ነበር። ኋላ እንዳስረዳችኝ፣ አስቀድሞ ያሰረዘ ሰው ትኬቱ የማይመለስ ዓይነት ቢሆን እንኳ የኤርፖርት ግብሩን የመሰለውን ክፍያ ብዙ ጊዜ ማስመለስ ይችላል፤ ሳያሰርዝ ዝም ብሎ የቀረ መንገደኛ ግን ያንንም ሊያጣ ይችላል። መድን ድርጅቱም የሚክሰው ከሌላ ቦታ ሊመለስ ያልቻለውን ብቻ ስለሆነ፣ አየር መንገዱ ምን እንደመለሰና ምን እንዳስቀረ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ትኬቱን ሰረዘች፣ ደብዳቤውን ጠየቀች፣ መድን ድርጅቱንም በዚያው ዕለት በጽሑፍ አሳወቀች። እኛ ገና ድንኳን ውስጥ ነበርን።

ወደ ደሴ ስንመለስ ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር ለቅሶ ደረሰች። አቃፊ የለ፣ ወረቀት የለ። የቅሬው፣ ማለትም የእድሩ፣ ሴቶች ካነጠፉት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቡናውን ጠጥታ፣ ዱዓው ላይ አሚን ብላ ሄደች። ስለ ካሳው በዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ይህን ከምንም ነገር በላይ እቆጥርላታለሁ።

የካሳው ነገር የተነሣው በኋላ ነው፤ ሲነሣም እናቴ አሻፈረኝ አለች። «በወንድሜ ሞት ገንዘብ ልቀበል?» ጎረቤቶቻችንም ከሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ነውር ነው አሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ሚሊዮን እንደሚከፈለን አወሩ። እኔ ብናገር የምሰማ አልነበርኩም። እሷ ግን ቤት ድረስ መጥታ «እትዬ፣ የወንድምዎንማ ማን ይከፍለዋል? ይህ ለመድኑ አረቦን የከፈሉበት፣ ሳይቀመጡበት የቀሩት ወንበር ዋጋ ነው» አለቻት። እናቴ ቆይታ «ከሆነስ ለትኬቱ የተበደርነውን መልሱበት» አለች። ፈቃድ የተገኘው እንዲህ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ሆኖ፣ ዓላማው በጉዞ ላይ ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕክምናና ሕመምተኛን ወይም አስከሬንን ወደ አገር ለመመለስ ነው። ጉዞ ቢሰረዝ ይካስ አይካስ ኤምባሲው አይጠይቅም። ስለዚህ ርካሹን ገዝቶ ቪዛ ያገኘ ሰው ቤተሰብ ሞቶበት ቢቀር ምንም ላያገኝ ይችላል። እኛ ስንገዛ ይህችው እህት «ትንሽ ጨምሩና መሰረዝን የሚሸፍነውን ውሰዱ፤ የሕክምናው ሽፋን የሚጀምረው ስትሄዱ ነው፣ የመሰረዙ ግን ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ ነው» ብላን ነበር። ሻጭ ሁሉ ውዱን ነው የሚያመሰግነው ብዬ ተጠራጥሬ ነበር፤ እናቴ ናት ጨምር ያለችኝ።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ የመድን ድርጅቱ መልስ መጣ፦ የእናቴ ይታያል፣ የእኔ ግን ውድቅ ነው። ምክንያቱም ውሉ ላይ የቅርብ ዘመድ ተብለው የተዘረዘሩት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህትና አያት ናቸው፤ አጎት የለበትም። እኔ እጄን ሰጥቼ ነበር። እሷ ውሉን ከነአባሪው አወጣችና በእስክርቢቶ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። በደቃቅ ፊደል ከተጻፉት ገጾች በአንዱ ላይ፣ በአንድ ትኬት አብሮ የሚጓዝ ሰው በተሸፈነ ምክንያት ጉዞውን ከሰረዘ የጉዞ ጓደኛውም እንደሚካስ ተጽፏል። እናቴ ለወንድሟ ቀረች፤ እኔ ደግሞ ለእናቴ ቀረሁ። ያንን አንቀጽ ጠቅሳ ግማሽ ገጽ የማትሞላ ደብዳቤ ጻፈች። ድርጅቱም ውሳኔውን አነሣ። ክርክር የለ፣ ጩኸት የለ፣ «የማውቀው ሰው አለ» ማለት የለ።

ሁለተኛው ጣጣ ሕመሙ ነበር። አጎቴ ስኳር ነበረበት፣ በጤና ጣቢያም ክትትል ያደርግ ነበር። አንድ ዘመዳችን «ስኳሩን አታንሱት፤ በድንገት ወድቆ ሞተ በሉ» ብሎ መከረን። ይህን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «እኔ ያላወቅኩትን ነገር አልጽፍም፣ ያወቅኩትንም አልደብቅም» አለች። ቀጥላም ውሉ የሚከለክለው ምን እንደሆነ አሳየችኝ፦ መድኑ ሲገዛ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ወይም ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ዘመድ ሲሆን ነው እንጂ፣ ክኒኑን እየዋጠ ማሳው ላይ ይውል የነበረ ሰው አይደለም። የክትትል ካርዱን ቅጂና የጤና መኮንኑን ማስረጃ አያይዘን እውነቱን ጻፍን። ቤቱ ያረፈና በዚያው ቀን የተቀበረ ሰው የሆስፒታል ወረቀት ከየት ያመጣል? በእኛ አገር አብዛኛው ሞት እንዲህ ስለሆነ፣ ያ የጤና ጣቢያ ካርድ ለካ ወርቅ ነው።

የቀኑን ነገር ካልነገርኳችሁ ደግሞ ምስጋናዬ ጎደሎ ይሆናል። አጎቴ ያረፈው ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ቤተሰቡ «ሐሙስ ሌሊት» ነው የሚለው፤ የቀበሌው የዝምድና ደብዳቤም የሐሙስን ቀን ይዞ ወጣ። የሞት ምዝገባ የምስክር ወረቀቱ ግን የዓርብን ቀን ይዟል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ዘርግታ ጣቷን በአንደኛው ቀን ላይ አሳርፋ ዝም አለች። «ይህ እንዲህ ከሄደ ይመለሳል» አለችኝ። ፋይሉን የሚመረምረው ሰው ውጭ አገር ነው፤ ለእርሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሁሉ አዲስ ቀን ነው፤ የእኛ ስምንት ሰዓትም የእርሱ ሁለት ሰዓት ነው። ደብዳቤው ከመተርጎሙ በፊት ቢስቲማ ተመልሼ ዕለቱንና ሰዓቱን አስተካክለው እንዲጽፉልኝ ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ ራሷ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። የአያቴን ስም በላቲን ፊደል ስትመለከትም በእናቴ ፓስፖርትና በምስክር ወረቀቱ ላይ የተለያየ አጻጻፍ አገኘች፤ ትርጉሙ የፓስፖርቱን ተከትሎ እንዲሠራና የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚገልጽ መስመር እንዲታከልበት አደረገች።

እዚህ ላይ ለሁላችሁም፦ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ አለበት። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን አያስብም፤ ስለዚህ ከቅሬው ሰው አንዱን ወክሉ። ሐዘኑ በርዶላችሁ ስትነሡ ካሳ ለመጠየቅ ጊዜው አልፏል የሚላችሁ ደግሞ ካለ፣ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በይርጋ የሚታገደው በ2 ዓመት ነው። ማሳወቁ ግን በቶሎ መሆን አለበት፤ እኛን ያዳነን የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ ነው።

ገንዘቡ ዘግይቶ በእናቴ የባንክ ሂሳብ ገባ። ሁሉም አልተከፈለም፤ ለቪዛ የከፈልነው አልተመለሰም፣ ከካሳውም የራስ ድርሻ የሚባለው፣ ተካሹ ራሱ የሚሸከመው ክፍል፣ ተቀንሷል። ይህንንም አስቀድማ፣ ገና ማመልከቻው ሳይገባ ነግራን ስለነበር አልደነገጥንም። ምስጋና ብዬ ትንሽ ነገር በፖስታ ይዤ ሄድኩ፤ ፖስታውን እንኳ ሳትነካው በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። በመጨረሻ እናቴ ከወረባቦ የመጣ ማር ላከችላት፤ ማሩን መመለስ አልቻለችም፣ እናቴን የሚያውቅ ያውቃል።

አንድ ቅሬታም አለኝ፣ ስለ ቢሮው። ሰው ይበዛል፣ መቀመጫው ጥቂት ነው፣ ጠዋት የሄደ አንዳንዴ ከቀትር በኋላ ነው የሚደርሰው። እሷ አንዱን ሰው ሳትጨርስ ሌላውን ስለማትጠራ ወረፋው ይረዝማል፤ ያ አንዱ እናንተ ስትሆኑ ግን አታማርሩም።

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅም ሆነ ከወልድያ ሆናችሁ ለዘመድ ጥየቃም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ወደ ውጭ የምትሄዱ፣ ወይም አላህ አያምጣውና እንደ እኛ መንገድ ላይ ሐዘን የደረሰባችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቢሮውን አሳያችኋለሁ። ስትሄዱ የመድን ውሉን ከነሁሉም ገጹ ያዙ። ለኤምባሲ የሚያያዘውን አንዷን ገጽ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ «የቀረውን አምጡ» ብላ መልሳ ትሰዳችኋለች።