ለወንድሜ ወርክሾፕ የኮምፕሬሰር መስመር ያስገቡልን ሰዎች

የምኖረው ዴንቨር ነው። ዘንድሮ ለአምስት ሳምንት አዲስ አበባ የገባሁት ተክለሃይማኖት አካባቢ ባለው የቤተሰባችን ግቢ፣ ታናሽ ወንድሜ የቤት ዕቃ ቀለም ለሚረጭበት ወርክሾፕ ባለ 500 ሊትር የአየር ኮምፕሬሰር ገዝቼ የኤሌክትሪክ መስመሩን ለማስዘርጋት ነበር። የስሪ ፌዝ (በሦስት የኃይል ሽቦ የሚመጣ መብራት) ቆጣሪውን ወንድሜ እኔ ሳልመጣ ማመልከቻ አስገብቶ አስጨርሶት ስለነበር የቀረን የውስጡ ሥራ ብቻ ነው፤ ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ሰውም ይህን አስቀድሞ ቢያስጨርስ ይሻለዋል።

በሰፈር ሰው ጥቆማ መጀመሪያ ያነጋገርነው ኤሌክትሪሺያን ግቢውን በዓይኑ ቃኝቶ፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ እንደሚበቃና «ብሬከሩ ከመለሰ ተለቅ ያለ እንደሚቀይርልን» ነገረን። ብሬከር ግን የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ከሚችለው በላይ የሆነ ብሬከር ከተገጠመ ቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል፤ ያውም ቶሎ የሚቀጣጠለው የቀለም ማቅጠኛ፣ ቲነር፣ በሚሸትበት ቤት ውስጥ። ስለድካሙ ከፍለን አሰናበትነው።

ሁለተኛውን ወጣት ያገናኘን ኮምፕሬሰሩን የሸጠልን ነጋዴ ሲሆን፣ የጠየቀው የእጅ ዋጋ ከመጀመሪያው እጥፍ ገደማ ነበር፤ ይገባዋል እላለሁ። ከሁሉ በፊት የሞተሩን ሰሌዳ አነበበ፤ 5.5 ኪሎ ዋት፣ 380 ቮልት፣ 11.6 አምፔር፣ 50 ኸርዝ። ቀጥሎም ሦስቱን ፌዝ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚለኩስበት በምሽቱ ሰዓት በቴስተር ለካ። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ስድስትና ሰባት እጥፍ ስለሚስብ፣ ከቆጣሪው እስከ ወርክሾፑ ባለው 35 ሜትር ላይ ቀጭኑ ሽቦ በመነሻዋ ቅጽበት 33 ቮልት ያህል እንደሚያጎድል፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬው ግን ጉድለቱን ወደ 14 እንደሚያወርደው በወረቀት አስልቶ አሳየን።

ዴንቨር ያለኝን ሞተር በኮንቴይነር ልላክ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። የአሜሪካው ሞተር ለ60 ኸርዝ የተሠራና ሲንግል ፌዝ (በአንድ የኃይል መስመር የሚሠራ) በመሆኑ እዚህ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ እንደሚቀንስና ከልክ በላይ እንደሚሞቅ አስረድቶ፣ «ጋሼ፣ ለማጓጓዣ የሚያወጡትን ሽቦው ላይ ያውሉት» አለኝ።

ሽቦውን ልንገዛ መርካቶ አብረን ሄድን። በገባንበት የመጀመሪያ መደብር የቀረበልን ጥቅል መዳብ ተብሎ የሚሸጥ ነበር፤ ልጁ ግን ጥቅሉን በእጁ መዝኖ ቀለለበት። ጫፉን ልጦ አንዱን ዘንግ በምላጭ ሲፍቀው ቀዩ እንደ ቅብ ተገፈፈና ከሥሩ ነጭ አሉሚኒየም ብቅ አለ። እንዲህ ያለው ሽቦ በእኩል ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ጉልበት የሚሸከም ሲሆን፣ ማያያዣው ላይም እየላላ ይግላል። ሁለት ሱቅ አልፎ ያለው ነጋዴ ምላጩን እያየ ሳይቆጣ ቆርጠን እንድንፍቅ ፈቀደልን፤ ዋጋው ቢበልጥም የገዛነው ከእሱ ነው።

የማስነሻ ሣጥኑን ሞተሩን በሁለት ደረጃ የሚያስነሳ፣ ስታር ዴልታ የሚባለውን አድርጎ ሠራው፤ ይህ ሲነሳ የሚስበውን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። የሞተሩ የመነሻ ጉልበትም አብሮ ሲሶ ስለሚሆን ኮምፕሬሰሩ የታመቀ አየር ሳይጫነው ባዶውን መነሳት አለበት። ስለዚህ ልጁ ደጋግሞ እያስነሳና እያጠፋ፣ በቆመ ቁጥር ከፕሬሸር ስዊቹ (በአየሩ ግፊት ሞተሩን ከሚያበራና ከሚያጠፋው ማብሪያ) ሥር ያለችው ትንሽ ቫልቭ «እስስ» ብላ አየሩን መተንፈሷን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። አንድ ፌዝ ሲጎድል ወይም ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚቆርጥ ሪሌም ጨመረልን። አንድ ፌዝ ቀርቶበት በሁለቱ የሚሮጥ ሞተር ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል፤ ፌዞቹ ቦታ ከተቀያየሩ ደግሞ መዘውሩ ከቀስቱ በተቃራኒ ዞሮ ማቀዝቀዣውን አየር በትክክል ወደ ኮምፕሬሰሩ ሲሊንደር አይገፋም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ወዲያው እንዳይነሳም ማዘግያ ሰዓት አስገባበት።

ኮምፕሬሰሩን በሸጠልን ነጋዴ ላይ ቅሬታ ባይኖረኝም አንድ ነገር ሳይነግረን ቀርቷል። መደበኛ ሞተር የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ሲሆን አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በዝግታ ነው፤ ኮምፕሬሰሩም በባሕር ጠረፍ ከሚሰበስበው አየር እዚህ የሚያገኘው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። እኔ ዴንቨር ከፍታ ላይ ስለምኖር አውቄው ተለቅ ያለውን መረጥኩ እንጂ፣ በካታሎጉ ቁጥር ብቻ የገዛ ሰው ታንኩ ቶሎ አልሞላ ሲለው ጥፋቱን በኤሌክትሪሺያኑ ላይ ያደርጋል።

ልጁ ኮምፕሬሰሩንም ሆነ ሣጥኑን ቀለም ከሚረጭበት ክፍል አውጥቶ፣ በአጥሩ ጥግ ቆርቆሮ በለበሰ መጠለያ ሥር አኖራቸው፤ የኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ብልጭታና የቲነር ትነት አንድ ቤት አይኖሩም ብሎ። የጎደለው የመስመሩ ሥዕል ነበር። ይህን ስጠይቀው ሌላ ቀን ይሁን ሳይል፣ ባዶ የሽቦ ካርቶን ቀድዶ ሁሉንም ሽቦ በቁጥሩ ሣለና በሣጥኑ በር ውስጥ ለጠፈው።