ባለ ሁለት ክፍሉ የመስታወት ሴል፦ ዕቃው ግሩም፣ ሜምብሬኑ ግን ይቀየር

ናይትሮጅንን በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ አሞኒያ ለመቀየር የምትሞክሩ ሁሉ ይህን ሴል ሳታዩት አልቀራችሁም። የኤች ቅርጽ ያለው፣ መሃሉ በሜምብሬን፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች መርጦ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን፣ የተከፈለ የመስታወት ዕቃ ነው። ቤተ ሙከራችን ውስጥ በደንብ ሠርተንበታል።

መስታወቱ እንከን የለውም። ክዳኖቹ ጋዝ አያሾልኩም። ማስገቢያው ናይትሮጅኑን በደቃቅ አረፋ ይበትነዋል። ናይትሮጅን ውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በትንሹ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ አብሮት የሚመጣው ሜምብሬን ላይ ነው። ሜምብሬኑ ፕሮቶን የሚያሳልፈው ኔጌቲቭ ቻርጅ ባላቸው የሰልፎኔት ቡድኖች አማካይነት ነው። አሞኒያ ደግሞ አሲድ ውስጥ ሲገባ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አሞኒየም ይሆናል። እናም ይያዛል። ሜምብሬኑ ዛሬ የዋጠውን አሞኒየም ሌላ ቀን፣ ሌላ ሙከራ ላይ ይተፋዋል። ናይትሮጅኑን ዘግተን በአርጎን፣ ከምንም ጋር በማይዋሃድ ጋዝ፣ ብቻ ስናስኬደው ናሙናው በኢንዶፌኖል ምርመራ፣ አሞኒያ ሲኖር ሰማያዊ በሚሆነው፣ ሰማያዊ ሆነ። ናይትሮጅን በሌለበት አሞኒያው ከየት መጣ? ሜምብሬኑን አውጥተን በአሲድ ስናጥበው መልሱ እጣቢው ውስጥ ተገኘ።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ውሃ ውስጥ የሚሠሩ ካታሊስቶች (ለውጡን የሚያፋጥኑ ቁሶች) የሚሰጡት አሞኒያ ብዙ ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ኤሌክትሮን የሚወስደው የሃይድሮጅን ጋዝ መፈጠር ነው። ከአየር፣ ከጓንት፣ ከትንፋሽ የሚገባ ብክለት እንኳ ውጤቱን ሊያህል ይችላል። በ2019 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የሙከራ ሥርዓት አሞኒያው ከገባው ናይትሮጅን መምጣቱ በናይትሮጅን 15፣ ከተራው በሚከብድ የናይትሮጅን ዓይነት፣ ይረጋገጥ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የሻጩ መመሪያ ግን ስለዚህ ጉዳይ ትንፍሽ አይልም። ዕቃውን ለዚሁ ሥራ ብሎ እየሸጠ ዝም ማለቱ በጣም አሳዝኖኛል። ዛሬ አሞኒያ በብዛት የሚመረትበት የሃበር ቦሽ ፋብሪካ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና ከ100 ከባቢ አየር በላይ ግፊት ይፈልጋል፤ ሃይድሮጅኑም በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው የሚወጣው። ይህን ለመተካት የሚደክም ተማሪ የሐሰት ሰማያዊ ቀለም እያሳደደ ዕድሜውን መጨረስ የለበትም።

ስለዚህ ሴሉን ግዙት፤ ሜምብሬኑን ግን ባለ ቀዳዳ በሆነ የፖሊፕሮፒሊን ሽፋን ተኩት። ሽፋኑ ግን አሞኒያውን ወደ አኖዱ፣ ኤሌክትሮን ወደሚወሰድበት ኤሌክትሮድ፣ ክፍል ያሾልካል፤ እዚያ ደግሞ ኦክሲዳይዝ ሆኖ ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱንም ክፍሎች፣ የጋዝ መውጫው ላይ ያለውን፣ የሚያመልጠውን አሞኒያ የሚይዘውን የአሲድ ወጥመድም ጭምር ለኩ። የአርጎን ሙከራ አትዝለሉ።

በሊቲየም መንገድ፣ ማለትም ናይትሮጅኑን በሊቲየም ብረት አማካይነት በመቀየር፣ የምትሠሩ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። እሱ ውሃ አልባ ኤሌክትሮላይት ይጠቀማል፤ ብዙ ጊዜም በከፍተኛ ግፊት ነው የሚሠራው። ይህ መስታወት ያንን ግፊት አይችልም።