አባቴን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚያወጣልን ሾፌር

ይህን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ያዘገየኝ ባለቤቱ «ስሜን አትጥሪ» ማለቱ ነው። እሺ፣ ስሙን አልጠራም። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

አባቴ 82 ዓመቱ ነው። የመርሳት ሕመም ከያዘው አምስት ዓመት አልፎታል፤ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ደግሞ ከዊልቸር አልተነሳም። በጉልምስናው የምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ዛሬ የልጆቹ ስም ይጠፋበታል፤ እኔን በሟች እህቱ ስም ይጠራኛል። ጠዋት ጠዋት ግን በር በሩን እያየ «ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው፣ ለገሃር አድርሱኝ» ይላል።

ልናወጣው ብዙ ሞክረናል፤ ያየነውን እኛ እናውቃለን። አንዱ ሾፌር ዊልቸሩን ከሩቅ ሲያይ መኪናውን አዙሮ ሄደ። ሌላው ወንበሩን እንደ ጭነት ቆጥሮ ተጨማሪ ሂሳብ ጠየቀን፤ ከፈልን። ሦስተኛው፣ አባቴ መንገድ ላይ ደጋግሞ ትኬት ሲጠይቀው፣ «ሰውዬውን ዝም አሰኙልኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸብን። ቤት እስክንደርስ የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ምግብ ቤት ደግሞ ጥበቃው «ወንበሩ መተላለፊያ ይዘጋል» ብሎ ከበር መለሰን፤ ውስጡ ግማሹ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ ከግቢ አላወጣነውም። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ አንዲት ጎረቤታችን እናቷን ሐኪም ቤት የሚያመላልስላትን ሾፌር ጠቆመችን። የመጣ ዕለት ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ ያነጋገረው እኔን አይደለም። አባቴ ፊት ቁጢጥ ብሎ «እንደምን አደሩ አባቴ? ዛሬ አብረን ልንወጣ ነው፤ ይፈቅዱልኛል?» አለው። ስንት ዓመት ሆነው፣ አባቴን ፈቃድ የጠየቀው ሰው ከጠፋ!

ቀጥሎ ጎማው ሥር ተንበርክኮ የሆነ ነገር አጠባበቀ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ለወራት ሲንጫጫ የነበረው ጎማ ግን ዝም አለ። የደጃችንን ቁልቁለትም የዊልቸሩን ጀርባ ወደ ታች አዙሮ፣ በደረቱ ደግፎ ቀስ እያለ አወረደው። እኛ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርገን ነበር የምንገፋው። ለካ አባቴ እዚያ ቦታ ላይ የሚጮኸው የሚወድቅ እየመሰለው ኖሯል።

ከሳሪስ ተነስተን ጎተራ ስንደርስ አባቴ እጁን ዘርግቶ «ትኬት!» አለ። ልቤ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመና ከኪሱ የነዳጅ ደረሰኝ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀረበለት። አባቴ ደረሰኙን ወደ ብርሃን አንስቶ መረመረው፤ ጠርዙን ቀደድ አድርጎ መለሰለትና «ናዝሬት ወራጅ ነህ። መልካም ጉዞ» አለው። ሾፌሩም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ፊቱ ላይ የፌዝ ምልክት አልነበረም። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ በነጠላዬ ዓይኔን እጠርግ ነበር።

ለገሃር ከአንበሳው ሐውልት አጠገብ አወረደን። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሮም ወስዶት በኋላ የተመለሰውን ይህን አንበሳ፣ አባዬ በልጅነታችን እያሳየ ታሪኩን ይነግረን ነበር። ከዚያ ጣቢያ ባቡር መነሳት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም መነሻው ለቡ ነው። ይህን ለአባቴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! በነገርኩት ቁጥር እንደ አዲስ መርዶ ያለቅሳል። ሾፌሩ ግን «አባቴ፣ ባቡሩ ከዚህ ተነስቶ የት የት ይቆም ነበር?» አለው። አባቴ ቀና አለ። «አቃቂ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ…» እያለ ድሬዳዋ ድረስ ዘለቀው። የእኔን ስም የረሳው አባቴ! ከዚያ ቀን ጀምሮ «ባቡር የለም» ማለቱን እኔም ተውኩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንወጣለን። ወዳጅነት ፓርክም ወስዶናል፤ መንገዱ ለጎማ የተመቸ ነው፣ አባቴም ውኃውን ማየት ይወዳል። ሾፌሩ ዋጋውን ከመነሳቱ በፊት ይናገራል፤ ለመጠበቅ አያማርርም። እጁ ይባረክ፤ ልጆቹን ይባርክለት። እናት ወይም አባት ቤት የዋለባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ሰው ጥሩት። እኔ ያባከንኩትን ሰባት ወር እናንተ አታባክኑ።

ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፤ እሱም ፈቅዷል። ብቻውን ስለሚሠራ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ደውሉለት። ቅዳሜ ጠዋትን ግን ለእኛ ተዉልን፤ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመውን የነዳጅ ደረሰኝ ይዞ ለአባቴ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።