ጂፒኤስ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ቦታው ላይ ስንቴ እንደምትመለሱ አስቡ

በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሌ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ሜትር ይስታል?» እኔ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። ነጥብ ወደምትይዙበት ቦታ የምትሄዱት አንዴ ብቻ ነው ወይስ ትመለሳላችሁ? የትኛውን እንደምትገዙ የሚወስነው እሱ ነው።

ሻጭ ሁሉ «አማካይ ይወስዳል» ብሎ ይጀምራል። መሣሪያው አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ብዙ ንባብ ይሰበስብና አማካዩን ያስቀምጣል ማለት ነው። በሒሳቡ ከሄድን አራት ንባብ ስህተቱን በግማሽ ይቀንሳል፣ አሥራ ስድስት ደግሞ ወደ ሩብ ያወርደዋል። ይሄ የሚሠራው ግን ንባቦቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ነው። በየሰከንዱ የሚመጣ ንባብ የቀድሞው መንታ ወንድም ነው። ሳተላይቶቹ ገና ብዙ አልተንቀሳቀሱም፣ ሲግናሉን የሚያዘገየው አዮኖስፌር (የከባቢ አየሩ የላይኛው ክፍል) ያው ነው፣ ከጎናችሁ ያለው ግድግዳም በዚያው አቅጣጫ ያነጥረዋል። ስለዚህ ሦስት መቶ ንባብ ወስዳችሁም ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያጋደሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

እኔን ያስተማረኝ አንድ ድንጋይ ነው። ግንብ ሥር ያለ የወሰን ድንጋይ ላይ መሣሪያውን አስቀምጬ አሥር ደቂቃ ቆምኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ረጋ፣ የመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ አልፎ አልፎ ትዘል ነበር። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በማግስቱ ያንኑ ነጥብ ይዤ ስመለስ መሣሪያው ድንጋዩ ከግንቡ ማዶ ነው ብሎኝ አረፈው። የረጋ ቁጥር ሁሉ ልክ ይመስለኝ ነበር፣ ሞኝነቴ።

አማካይ መውሰድ ስሙን ያተረፈው ድሮ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ሜይ ወር ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል የሚለቀቀውን ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር፣ ያኔ ረጅም ሰዓት ቆሞ ማማከል ትልቅ ለውጥ ያመጣ ነበር። ዛሬ ክፍት ሰማይ ሥር ተራ መሣሪያም በጥቂት ሜትር ውስጥ ያስገባችኋል። የቀረችው ስህተት ትንሽ ናት፣ ግን ግትር።

ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ። ከርካሹ ወገን የጋርሚን ኩባንያ ኢትሬክስ 22ኤክስ እና 32ኤክስ አሉ። ሁለቱም ጂፒኤስንና ግሎናስን (የሩሲያን ሳተላይቶች) ይቀበላሉ፣ ሁለቱም ነጥብ የሚያማክል ሜኑ አላቸው፣ በሁለት ተራ ባትሪ እስከ 25 ሰዓት ይሠራሉ። የጋርሚን ማኑዋል ከ4 እስከ 8 ናሙና ውሰዱ፣ በየመሀሉም ቢያንስ 90 ደቂቃ ጠብቁ ይላል። ሰው ሁሉ የሚዘላት ይህችን 90 ደቂቃ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን እዚያ ነው ያለው። አንድ የጂፒኤስ ሳተላይት ምድርን የሚዞረው በ12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ በ90 ደቂቃ ውስጥ የሰማዩ አቀማመጥ ይቀየራል፣ ስህተቱም ወደ ሌላ ጎን ይሄዳል፣ አማካዩ ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው። 32ኤክስ የሚጨምረው ኮምፓስና የአየር ግፊት ከፍታ መለኪያ ነው። ለመንገድ ጥሩ ናቸው፣ የነጥባችሁን ቦታ ግን አያስተካክሉም። የምትፈልጉት የነጥቡን ቦታ ብቻ ከሆነና ተመላልሳችሁ መያዝ ከቻላችሁ 22ኤክስ ይበቃችኋል።

ከፍ ያለው ወገን የዚያው የጋርሚን ጂፒኤስማፕ 65ኤስ እና 66ኤስአር ነው። እነዚህ ባለሁለት ፍሪኩዌንሲ ናቸው፣ ሳተላይቶቹ ከሚልኩባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ከኤል1 ሌላ ኤል5ንም ይሰማሉ። አዮኖስፌር ሁለቱን እኩል ስለማያዘገያቸው መሣሪያው ከልዩነታቸው መዘግየቱን አስልቶ ሊቀንሰው ይችላል። ኤል5 ከግድግዳና ከገደል ነጥሮ የሚመጣውንም የተሻለ ይለያል። አንዴ ሄዳችሁ ለማትመለሱበት ቦታ ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውጡ፤ ጊዜ የሚሠራላችሁን ሥራ እዚያው በቆማችሁበት ይሠራላችኋል። 65ኤስ በተራ ባትሪ 16 ሰዓት፣ 66ኤስአር በውስጥ ባትሪው እስከ 36 ሰዓት ይሄዳል። ቻርጅ በሌለበት ብዙ ቀን የምትቆዩ ከሆነ መለዋወጫ ባትሪ የሚገባለት 65ኤስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስልክስ? ባለሁለት ፍሪኩዌንሲ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2018 በሻኦሚ ሚ 8 ነው የመጣው፣ የሚያማክል አፕም ሞልቷል። ግን የስልክ አንቴና ትንሽ ነው፣ የነጠረ ሲግናልም በቀላሉ ያታልለዋል። አንድሮይድ ላይ የምታዩት የትክክለኛነት ቁጥር ደግሞ የ68 በመቶ ግምት ነው። «3 ሜትር» ካላችሁ ከሦስቱ አንዴ ከዚያ ውጭ ናችሁ ማለት ነው። ለሽርሽር ይበቃል፣ ለወሰን አልመክርም።

ከሜትር በታች የምትፈልጉ ከሆነ ከነዚህ አንዱንም አትግዙ። ሳምንት ብታማክሉም እዚያ መድረሳችሁን እርግጠኛ መሆን አትችሉም። ቦታው በትክክል ከታወቀ ቋሚ ጣቢያ (ቤዝ) የእርማት ሲግናል የሚቀበል፣ አርቲኬ የሚባል መሣሪያ ወደ ሴንቲሜትር ያወርዳችኋል፣ ወይ ተከራዩ ወይ ያለውን ባለሙያ ጥሩ።

የትኛውንም ብትገዙ ከሳጥኑ እንዳወጣችሁ የቦታ አጻጻፉን እዩት። ጋርሚን አብዛኛውን ጊዜ በዲግሪና በደቂቃ ከሦስት አኃዝ ጋር ነው የሚመጣው። በዚያ አጻጻፍ የመጨረሻዋ አኃዝ አንድ ስትዘል 1.85 ሜትር ገደማ ናት። ስድስት ጊዜ ተመላልሳችሁ ያገኛችሁትን አማካይ ማስታወሻችሁ ላይ ስትገለብጡ እዚያው ታጠጋጉታላችሁ። ዩቲኤም ወደሚባለው አጻጻፍ ቀይሩት፣ እሱ ቦታን የሚጽፈው በሜትር ነው።